የተናጋሪና የሰሚ ዕዳ

ሰው ደክሞ የሠራውን ሥራ ሕዝብ ባልተቀበለው ጊዜ ጥፋቱ የሠሪው ነው ወይስ የተቀባዩ? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሲጠየቅ የኖረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚመለሰው በችኰላ ነው። ሥራው በወጣበት ሰሞን ሰዎች ሁሉ ሕዝቡ ፈርዷል ይላሉ፤ ዘመን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሕዝቡ ተሳስቶ ነበር ይላሉ፤ ሁለቱም ፍርድ ያለ ምርመራ የተሰጠ ነው። ለምርመራው የሚረዳ አንድ ነገር በእንግሊዝ አገር ተደርጓል። ነገሩ የዘፈን ነገር ቢሆንም ቁም ነገር ስላለበት የቤተ ክርስቲያን ሰው ሊንቀው አይገባም።

ከሊቨርፑል ከተማ ከወንዙ ማዶ፣ ዊረል በሚባለው ስፍራ ያደጉ አንዲ ማክላስኪና ፖል ሃምፍሪስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. (የሚከተሉትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ኦርኬስትራል ማኑቨርስ ኢን ዘ ዳርክ የሚባል የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ። መሣሪያቸው ሲንተሳይዘር ነበር፤ ይኸውም ያለ ክርና ያለ ትንፋሽ በኤሌክትሪክ ኃይል ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ነው። በ1981 ዓ.ም. ያወጡት ሸክላ ስሙ ሲተረጐም «የሕንፃ ጥበብና ግብረ ገብ» ማለት ነው፤ በእርሱም ውስጥ ስለ ፈረንሳዊቱ ስለ ዣን ዳርክ ሁለት ዘፈኖች ነበሩበት። ይህ ሸክላ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንደ ተሸጠ ይነገራል።

እንዲህ ያለ ገበያ ያገኘ ሰው ሁለተኛውን እንደ ፊተኛው አድርጎ እንዲሠራ መካሪ አያሻውም። እነርሱ ግን በመጋቢት ወር 1983 ዓ.ም. ፍጹም ልዩ የሆነ ሸክላ አወጡ፤ ስሙንም ዳዝል ሺፕስ አሉት። በፊተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1917 ዓ.ም.፣ ኖርማን ዊልኪንሰን የሚባል ሠዓሊ የእንግሊዝ መርከቦች በሚያጭበረብር ዝንጕርጕር ቀለም እንዲቀቡ መክሮ ነበር። ቀለሙ መርከቡን ለመሸሸግ አይደለም፤ በሰርጓጅ መርከብ ያለው ጠላት መርከቡ ወዴት እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ እንዳያውቅ ነው። ኤድዋርድ ዋድስዎርዝ በ1919 ዓ.ም. እንዲህ ያሉትን መርከቦች በሊቨርፑል መጠገኛ ቆመው ሣላቸው፤ የሸክላውም ስም ከዚህ ሥዕል የተወሰደ ነው።

ሰሚዎቹ ውብ ዜማ ሲጠብቁ የመጣላቸው የፕራግ ራዲዮን ምልክት፣ የልዩ ልዩ አገር ሰዓት ነጋሪዎች ድምፅ፣ ሕፃናትን የፊደል አጻጻፍ የሚያስተምር መጫወቻ ንግግር ነው። «ኢንተርናሽናል» የሚባለው ዘፈን የሚጀምረው እጆቿ ስለ ተቈረጡባት ስለ አንዲት የኒካራጓ ልጅ በሚናገር ወሬ ነው። ከጋዜጦቹ ብዙዎቹ አጣጣሉት፤ ሸክላውም 300,000 ያህል ብቻ እንደ ተሸጠ ይነገራል።

ዛሬ ሠሪዎቹን እንደ ነቢያት የሚቈጥሩ አሉ። ነገር ግን መናቅ የነቢይነት ምስክር አይሆንም፤ ክፉ ስለ ተናገረ የተናቀም ብዙ ነው። በሸክላው ላይ ካሉት 12 ክፍሎች ሁለቱ አስቀድሞ በትንንሽ ሸክላዎች ጀርባ ወጥተው የነበሩ ናቸው፤ ይህም አዲስ ነገር እንዳጠራቸው ያሳያል። ከዚህም ሌላ የመርከቡ ቀለም የተቀባው ጠላትን ለማሳሳት ሲሆን፣ በዚህ ግን መንገዱ የጠፋው ወዳጅ ነው። ሰሙ የላላ ቅኔ ወርቁ ሳይገኝ ቢቀር ተማሪው ብቻ አይወቀስም፤ ባለ ቅኔውም ይጠየቃል።

ሰሚውም ቢሆን ዕዳ አለበት። ሁለት ዓመት ሙሉ የወደደውን ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ መጣል ፍርድ አይባልም። ገዢው ሸክላውን ገዛ እንጂ ሠሪውን አልገዛም። ደግሞም አብሮ የተጣለው የሰዓቱ ጩኸት ብቻ አልነበረም፤ የዚያች ልጅ ወሬም አብሮ ተጥሏል። ወጣቱ ለደስታ በተቀመጠበት ሰዓት የባልንጀራውን መከራ መስማት ከበደው፤ በዚህ ነገር ግን የእንግሊዝ ወጣት ከሌላው ሰው የከፋ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ሠሪዎቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። በ1984 ዓ.ም. ጀንክ ካልቸር የሚባል ለጭፈራ የሚመች ሸክላ አወጡ፤ በ1986 ዓ.ም. ለአሜሪካ ፊልም የሠሩት ዘፈን በዚያ አገር አራተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ይህ ትሕትና ነውን ወይስ ፍርሃት? ደቀ መዝሙር እንዲገባው ብሎ ንግግሩን ዝቅ የሚያደርግ መምህር ፈሪ አይባልም፤ ቃሉን አቀለለ እንጂ ነገሩን አልተወም። የነዚህን ሰዎች ሥራ የተመለከተ ግን እንግዳው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የዓለም ወሬም ከዘፈናቸው እየራቀ እንደ ሄደ ያያል። ስለዚህ ወደ ፍርሃት ያደላል። ቢሆንም ከአሥር ሰሚዎቹ ዘጠኙ በአንድ ዓመት ሲለዩት ያላየ ሰው በዚህ ፍርሃት ሊፈርድ አይቸኵል።

ሸክላው በ2008 ዓ.ም. እንደ ገና ታተመ፤ ያን ጊዜ ሲያጣጥለው የነበረው ብዕርም ወደ ማመስገን ዞረ። የተዘፈነላት ዣን ዳርክ በ1431 ዓ.ም. ተቃጠለች፤ ፍርዱ በ1456 ዓ.ም. ተሻረ፤ የሮማ ቤተ ክርስቲያንም በ1920 ዓ.ም. ቅድስት ብላ ሠየመቻት። ፍርዱን የሻሩት ዳኞች ግን መዝገቡን አገላብጠው፣ ብዙ ምስክር ሰምተው ነው። የዛሬዎቹ አመስጋኞች ይህን ያህል መድከማቸው ያጠራጥራል፤ ማመስገን ዛሬ ምንም አያስከፍልምና። በ2016 ዓ.ም. ጓዱ በሎንዶን በሮያል አልበርት አዳራሽ ሁለቱን ሸክላዎች ባሰማ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከተሰብሳቢው ብዙው ዕድሜው የገፋ ነበርና፣ ጭብጨባው ለኒካራጓዪቱ ልጅ ይሁን ወይስ ለራሱ ወጣትነት ከውጭ ሆኖ ለመለየት አይቻልም።