የወደቀችው ጫጩትና የአዳኟ ዕዳ

ከዛፍ ሥር ወድቃ የተገኘች የወፍ ጫጩት የማንም አይደለችም። እንደ ላም አትታለብም፤ እንደ በሬ አትጠመድም፤ እንደ ውሻ ደጅ አትጠብቅም። ብትሞት የሚጠይቅ፣ ብትድን የሚያመሰግን አይገኝም። እንግዲህ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያነሣት ስለ ምንድን ነው? ካነሣትስ በኋላ ምን ዕዳ ይገባበታል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። ይሁን እንጂ ይህች እፍኝ የማትሞላ ፍጥረት ሰውን ክፉኛ ታፋጥጠዋለች፤ ለእርሷ የሚደረገው ነገር ሁሉ ብድራት የሌለው በመሆኑ፣ ርኅራኄ ከጥቅም፣ ከምስጋናና ከይሉኝታ ተለይቶ ብቻውን የሚፈተነው በእርሷ ዘንድ ነውና።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሰው ከወፍ ጋር ያለው ጉዳይ በርኅራኄ ብቻ የማይወሰን መሆኑ ነው። በስምጥ ሸለቆና በአዋሽ ተፋሰስ ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ እንደ ደመና ይወርዳል። አንዷ ግሪሳ በቀን የምትለቅመው እህል 10 ግራም ያህል ነው፤ መንጋው አንድ ሚሊዮን በሆነ ጊዜ ግን የአንድ ቀን ቀለቡ 100 ኩንታል ይደርሳል። ስለዚህም የገበሬው ልጅ ጎሕ ሲቀድ ማማው ላይ ወጥቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወንጭፉን ሲያጮህ ይውላል። በ1962 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትም ከአንበጣው ሌላ፣ ግሪሳው በሚያድርበት ሥፍራ ላይ በአውሮፕላን መርዝ ረጭቷል። ይህን ሁሉ ጭካኔ ብሎ መጥራት ከጠገበ ሰው አፍ የሚወጣ ፍርድ ነው። አስገራሚው ግን ወንጭፉን የያዘው ያው ልጅ ከማሳው ዳር አንዲት ጫጩት ወድቃ ቢያገኝ በጉያው ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሊወስዳት መቻሉ ነው። ታዲያ ራሱን ተቃረነን? አልተቃረነም። መንጋው የእንጀራው ተቀናቃኝ ነው፤ የወደቀችው ግን ከእርሱ በቀር ማንም ያላያት አንዲት ነፍስ ናት።

ፈላስፎች ይህን ልዩነት በቀላሉ አይቀበሉትም። አማኑኤል ካንት፣ ሰው ለእንስሳት ቀጥተኛ ግዴታ የለበትም፤ በእነርሱ ላይ የሚጨክን በሰው ላይም መጨከንን ይለምዳልና ስለዚህ ሊራራላቸው ይገባል ሲል አስተምሯል። በዚህ አስተሳሰብ ጫጩቷ የደግነት መለማመጃ ትሆናለች እንጂ በራሷ ምንም አትሆንም። ጄረሚ ቤንታም በአንጻሩ በ1789 በታተመው መጽሐፉ፣ ቁም ነገሩ እንስሳት ማሰብ ወይም መናገር መቻላቸው ሳይሆን ሥቃይ የሚሰማቸው መሆኑ ነው ብሎ ተከራከረ። ቤንታም ለጫጩቷ የተሻለ ወዳጅ ይመስላል። ግን መለኪያው ሥቃይ ብቻ ከሆነ፣ በየጫካው በየዓመቱ የሚረግፉትን ስፍር ቁጥር የሌላቸውን ጫጩቶች ማን ያነሣቸዋል? ከትናንሽ ወፎች ልጆች አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ባይሞቱ ኖሮ ምድሪቱ አትችላቸውም ነበር። ተፈጥሮን ከዚህ ሥርዓቷ አድናለሁ ብሎ የሚነሣ ሰው ሥራው መጨረሻ የለውም።

በሁለቱ አሳቦች መካከል የተዘለለ አንድ ነገር ያለ ይመስላል፤ እርሱም መገናኘት ነው። መንገደኛው የዓለምን ጫጩቶች ሁሉ የማዳን ግዴታ የለበትም፤ ከእግሩ ሥር የምትጮኸውን ግን አላየሁም ሊል አይችልም። ከዚህም በላይ የወደቀችበት ምክንያት ይለያያል። ጎጆውን ነፋስ አፍርሶት ከሆነ የሚደረግላት ነገር ችሮታ ነው። ዛፉን የሰው መጥረቢያ ጥሎት፣ ወይም እናቲቱን ሰው ያሳደገው ድመት በልቷት ከሆነ ግን ነገሩ ከችሮታ አልፎ ካሣ ይሆናል። ካሣ ደግሞ ለከፋዩ ደስታ የሚሰጥ ሳይሆን ለተበዳዩ የሚገባ ነው።

ለመሆኑ የተገኘችው ጫጩት በእርግጥ ወላጅ አልባ ናት? ብዙ ጊዜ አይደለችም። የብዙ ወፎች ልጆች ላባ ካወጡ በኋላ በደንብ መብረር ሳይችሉ ጎጆአቸውን ለቀው ይወጣሉ፤ ለቀናትም በመሬትና በቁጥቋጦ መካከል እየዘለሉ ወላጆቻቸው እየመጡ ይመግቧቸዋል። አላፊ አግዳሚው «ምስኪን!» ብሎ የሚያነሣት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለችውን ናት። በዚያን ሰዓት እናትና አባት ከቅርንጫፍ ላይ ሆነው ሰውዬው እንዲሄድላቸው ይጠብቃሉ። በርኅራኄ ስም የሚፈጸም ጠለፋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሰው እጅ የነካትን ጫጩት እናቷ አትቀበላትም የሚለው ወሬም መሠረት የለውም፤ ወፍ በልጇ ላይ ባረፈ የሰው ጠረን ምክንያት ጎጆዋን ትታ አትሄድም። እንግዲህ ላባ ያላወጣችው ከጎጆዋ ብትመለስ፣ ላባ ያወጣችው ደግሞ ድመት ከማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ብትቀመጥ የሚበልጥ ማዳን የለም። የጥንቱም ትምህርት ወደዚሁ ያዘነብላል። ኦሪት ዘዳግም በጎጆ የተገኘችን እናት ከነልጆቿ መውሰድን ይከለክላል። በሐዲሥ ደግሞ፣ ጫጩቶቿ ተወስደውባት ክንፏን እያርገፈገፈች የመጣችን ወፍ አይተው ነቢዩ ሙሐመድ ልጆቿ እንዲመለሱላት ማዘዛቸው ተመዝግቧል። አሳድጓቸው አላሉም፤ መልሱላት ነው ያሉት።

እናት አባቷ በእርግጥ የሞቱባት ስትገኝ ግን መመለስ አይቻልም። እዚህ ላይ ለጋው ርኅራኄ ከሥራ ጋር ይፋጠጣል። ላባ ያላወጣች ጫጩት ገላዋን በራሷ ማሞቅ ስለማትችል ከምግብ በፊት ሙቀት ያስፈልጋታል። ቀጥሎም ከንጋት እስከ ምሽት በየሩብ ሰዓቱ ወይም በየግማሽ ሰዓቱ መብላት አለባት። በደግነት የሚሰጣት ወተት ሆዷ የማይፈጨው ነገር ነው፤ በአፏ የሚንጠባጠብላት ውኃ ከምላሷ ሥር በተከፈተው የመተንፈሻ ቀዳዳ ገብቶ ሊገድላት ይችላል፤ የራሰ ዳቦም ሆዷን ይሞላል እንጂ አጥንት አይሆናትም። የርግብና የዋኖስ ልጅ ጭራሽ እንደ ሌሎቹ አፏን ከፍታ አትጠብቅም፤ መንቁሯን በወላጆቿ አፍ ውስጥ አስገብታ ከጉሮሮአቸው ሥር ከሚመነጨው ወተት መሰል ምግብ ትጠባለች። ይህን የማያውቅ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ እያለቀሰ በረኃብ ይገድላታል። ፍቅር ለዕውቀት ምትክ እንደማይሆን እንዲህ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ጥቂት ነው።

ሌላም የማይነሣ ሒሳብ አለ። ነፍሳት በል የሆነችው ጫጩት እስክትበር ድረስ ፌንጣው፣ ትሉና ምስጡ በመቶዎች ይገደሉላታል። አዳኙ የአንዲቱን ነፍስ ለማቆየት የብዙዎችን ነፍስ በገዛ ጣቶቹ ያጠፋል። ቤንታምን የሚከተል ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡ ይጠፋበታል። እናት ወፍ ይህን ብታደርግ ኑሮዋ ነው፤ ሰው ግን መርጦ ነው የሚያደርገው። መምረጡ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን የተከፈለው ዋጋ ትርጉም የሚኖረው ጫጩቷ ወፍ ሆና ከኖረች ብቻ ነው፤ ከሰው ትከሻ ላይ የምትቀመጥ መጫወቻ እንድትሆን ከሆነ ግን ፌንጣዎቹ በከንቱ አልቀዋል።

ትልቁ ፈተና የሚመጣው እንግዲህ እንክብካቤው ሲሳካ ነው። ኦስትሪያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ኮንራድ ሎሬንትስ በ1935 ባሳተመው ጥናት፣ እንደ ዝይ ያሉ ወፎች ጫጩቶች ከዕንቁላል በወጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያዩትን ተንቀሳቃሽ አካል እናታቸው አድርገው እንደሚከተሉ ገለጠ። ስያሜውንም ከማኅተም ወሰደው፤ አንድ ጊዜ ያረፈ ምልክት በቀላሉ አይፋቅምና። በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይህ ሰው ዝይዎች ተከትለውት ሲሄዱና ሲዋኙ የሚያሳዩት ፎቶግራፎች ዓለምን አስቀዋል። ነገር ግን ከሣቁ በስተኋላ ያለው ነገር አያስቅም፤ ወፏ እናቷን ብቻ ሳይሆን ማን መሆኗንም ልትስት ትችላለችና።

ቴክስ የተባለችው ወፍ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። ቴክስ በ1941 ቁጥሩ ወደ ሃያ ገደማ ወርዶ ከነበረው፣ ክሬን ከሚባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች መካከል ነጩ የሰሜን አሜሪካ ዘር ነበረች። በአንድ የእንስሳት ማቆያ ተፈልፍላ በሰው እጅ አደገች፤ ለአካለ መጠን ስትደርስም የወገኗን ወንድ ዞር ብላ አታይም፤ ልቧ የሚከጅለው ሰውን ነበር። የዘሩ መጥፋት ያሳሰበው ጆርጅ አርቺባልድ የተባለ ባለሙያ መፍትሔ አድርጎ ያገኘው ራሱ ባሏ መሆንን ነው። ክሬኖች ለጋብቻ ሲተጫጩ ይጨፍራሉና፣ አርቺባልድ በዊስኮንሲን ሜዳ ላይ እጁን እንደ ክንፍ እያወዛወዘ ለዓመታት አብሯት ጨፈረ። በዚህ ተነቃቅታ በሰው ሠራሽ ዘዴ የተዳቀለ ዕንቁላል ጣለች፤ በ1982ም ጫጩት ተፈለፈለ። በዚያው ዓመት ቴክስን አውሬ በላት። አርቺባልድ ያደረገው የሚደነቅ ነው፤ ግን ያን ሁሉ ጭፈራ የጠየቀው ቀድሞ በፍቅር የተሠራ ጉዳት ነበር። ቴክስን ያሳደጓት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፤ ፊታቸውን አሳዩአት፤ ያ ብቻ ነው።

በካሊፎርኒያ ኮንዶር ላይ የተሠራው ሥራ ይህን ትምህርት ይዞ የተጀመረ ነው። በ1982 ይህ ግዙፍ ጥንብ አንሣ በዓለም ላይ የቀረው 22 ብቻ ነበር፤ በ1987 በዱር የቀረው የመጨረሻው ተይዞ 27ቱም በሰው ጥበቃ ሥር ሆኑ። ጫጩቶቹን የሚመግቡት ሰዎች ከመጋረጃ ጀርባ ተደብቀው፣ የእናት ኮንዶር ራስ የመሰለ አሻንጉሊት እንደ ጓንት በእጃቸው አጥልቀው ነበር። ጫጩቷ ስትሞቅ፣ ስትጎርስ፣ ስትታሽ ማን እንዳደረገላት አታውቅም። ይህም ቢሆን አልበቃም። በ1992 ወደ ዱር መለቀቅ ከጀመሩት መካከል አንዳንዶቹ ወደ ሰው መኖሪያ እየቀረቡ፣ በኤሌክትሪክ መስመር ላይ እያረፉ አደጋ ላይ ወደቁ፤ የተረፉትም ተመልሰው ተያዙ። ከዚያ በኋላ ለመለቀቅ የሚዘጋጁት ወፎች በማቆያቸው ውስጥ በቆመ አስመሳይ ምሰሶ ላይ ሲያርፉ ቀላል ንዝረት እንዲያገኛቸው ተደረገ፤ ከሰውም እንዲርቁ ሰው ራሱ ያስፈራራቸው ጀመር። ያን ሁሉ ወራት በመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ሲያጎርሳት የከረመ ሰው፣ ወፏ እርሱን ስታይ ደንግጣ ብትነሣና ሸለቆውን ተሻግራ ብትሄድ ሥራው እንደ ሠመረለት ይቆጥረዋል።