ማጥገብ ሁልጊዜ ምሕረት ነውን?

የተራበን ማብላት በጎ ምግባር መሆኑን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ስንማር ኖረናል። ነገር ግን የሰው እጅ የፍጥረትን ጠባይ በለወጠበት ስፍራ ይህ ትምህርት ብርቱ ማስተዋል ይጠይቃል። ምሳሌ ይሆነን ዘንድ፥ ለሥጋ ተብሎ ከተዳቀለ ዘር የተፈለፈለችን፥ አንድ ርኅሩኅ ሰው ግን ከመታረድ አድኖ በቤቱ ሊያኖራት የወሰዳትን ዶሮ እንመልከት።

ይህች ዶሮ በየግቢያችን እየጫረች እንደምታድገው እንደ ሐበሻ ዶሮ አይደለችም። አርቢዎች ብዙ የሚበላውንና ቶሎ የሚሰባውን እየመረጡ ያወጡት ዘር ናት። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ባወጡት ጥናት፥ ከ1957 ጀምሮ ሳይለወጥ የተጠበቀውን ዘርና የ2005ን ዘር በአንድ ዓይነት መኖ አሳድገው ቢመዝኑ፥ በ56ኛው ቀን የፊተኛው 905 ግራም፥ የኋለኛው 4202 ግራም ሆኖ ተገኘ። ሥጋው እንዲህ ሲፈጥን እግርና ልብ ሸክሙን መቻል ይሳናቸዋል፤ ከስድስት ወይም ከሰባት ሳምንት በላይ እንድትኖር አልታሰበችምና።

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለው ተረት ለእርስዋ ከቀልድ አልፎ እውነት ሆኗል። መኖ ሳይቋረጥ ቢቀርብላት ከልክ በላይ ትበላለች፤ ክብደቷም ይገድላታል። ስለዚህ አስተዋይ ጠባቂ መኖዋን ሰፍሮ ጧትና ማታ ይሰጣታል፤ የማወፈሪያውን መኖ ትቶ ቀለል ያለውን ይመርጣል፤ ጎመን ይጨምርላታል፤ እየተራመደች እንድትለቅምም ጥሬውን በመሬት ላይ ይበትናል። በየሳምንቱ ይመዝናታል፤ መኝታዋን በደረቅ ጭድ ያለሰልሳል፤ ከከፍተኛ ቆጥ ዘላ እግሯን እንዳትሰብር ይጠነቀቃል፤ መርገጫዋ እንዳይቆስል ይመለከታል፤ በሙቀት ጊዜም ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ አያሳጣትም።

ፈተናው ግን ይህ አይደለም። ዶሮይቱ ባየችው ቍጥር እየጮኸች ትከተለዋለች፤ ራብዋም እውነተኛ ራብ ነው። ያን ጊዜ ልቡ ይወቅሰዋል። ጩኸቷን ላለመስማት እፍኝ ቢጨምርላት የሚያርፈው የእርሱ ልብ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን እርስዋ ናት። ሰፍሮ ቢሰጣት ደግሞ እርሱ ያልፈጠረውን ራብ በየቀኑ በዓይኑ እያየ ይኖራል። እኛ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ምሕረት እንለዋለን፤ የሌላውን ጥፋት ውጤት በራሱ ላይ ተሸክሟልና።

«ከዚህስ ታርዳ ብታርፍ አይሻልምን?» የሚል ይኖራል። በእግሯ እስከ ቆመች፥ ፀሐይ እስከ ሞቀች፥ በዐፈር እስከ ታጠበች ድረስ ዕድሜዋ ቢያጥርም ኑሮዋ ኑሮ ነው። መቆም ተስኗት፥ መተንፈስም ጭንቅ ሆኖባት የእንስሳት ሐኪም ተስፋ የለም ባለ ጊዜ ግን፥ እርሱ መለየትን ስለ ፈራ ብቻ ሥቃይዋን ሊያረዝምባት አይገባም።

እኛም ጾም ሲፈታ ዶሮ የምናርድ ሰዎች ነንና በማንም ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም። ሆኖም ለምግብ ማረድ አንድ ነገር ነው፤ የገዛ ሰውነቱን መሸከም የማይችል ፍጡር ማራባት ሌላ ነገር ነው። ሕገ ሰንበት ለበሬና ለአህያ ሳይቀር ዕረፍትን መደንገጉን የምናውቅ ሰዎች ይህን ልዩነት ልንዘነጋው አይገባም።

እንግዲህ ለእንስሳም ሆነ ለሰው ለመስጠት እጃችንን በዘረጋን ጊዜ፥ የምንሰፍረው ለተቀባዩ ሕይወት ነውን፥ ወይስ ለራሳችን ልብ ዕረፍት? ብለን አስቀድመን እንጠይቅ።