የቮልሷ ሆድ

ብረት በዕድሜ አይዝግም፤ ውሃና አየር ሲገናኙበት ነው የሚዝገው። ጋራዤ ውስጥ የቆመችውን የ1967 ሞዴል ቮልስ ሊያይ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀለሟን ያደንቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ሆዷ ነው። የዚች መኪና ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሚቀመጥ አሲድ የፈሰሰበት የወለል ላሜራ ከሁሉ ቀድሞ ይበላል። ከበሮቹ በታች በግራና በቀኝ የተዘረጉት፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያሻግሩት ባዶ ቱቦዎች ደግሞ ከውስጥ ስለሚዝጉ ባትላሜራው ራሱ በመዶሻ ካላንኳኳቸው አያውቃቸውም።

የንስሐ አባቴ ይህን ሁሉ ጭንቀት አይወዱትም። «ልጄ፣ ማቴዎስ ምዕራፍ 6ን ረሳኸው እንዴ?» አሉኝ። ብልና ዝገት በሚያጠፉት ምድር ላይ ሀብት አታከማቹ የሚለውን ክፍል ማለታቸው ነው።

አልረሳሁትም። እንዲያውም የጋራዥ ሥራ ለአባ ስብከት የሚያቀብለው ማስረጃ ብዙ ነው። መኪናን በላስቲክ ሸራ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ሰው ዝገትን እየቀለበ ነው፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ጠዋት ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ሲነካው ያልበዋል፣ ላቡም መውጫ ያጣል። ሆዷን በወፍራም ሬንጅ የሚለስን ሰውም እንዲሁ ነው። ሬንጁ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃው ገብቶ ከላሜራው ጋር እዚያው ይኖራል። ሞተሯን በየሳምንቱ ለአምስት ደቂቃ አስነስተው የሚያጠፉም አሉ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል፤ ማርሚታው በደንብ ሳይግል ከጠፋ ያ ውሃ ከፊሉ ውስጡ ይቀራል። እንግዲህ «የቆለፍክበት ሀብት በእጅህ ይበሰብሳል» ብሎ ለመስበክ ምን ቀረ?

እኔ ግን ይህን ስብከት አላምነውም። አየር በማያስገባ ከረጢት ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር የታሸገች መኪና አትዝግም ማለት ይቻላል፤ የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ከወረደ ዝገት ያንቀላፋል። ገንዘብ ያለው ንፉግ በዚህ ዘዴ መኪናውን ለልጅ ልጁ ያቆያል። በአንጻሩ ሚኒሶታ ያለችው እህቴ በመኪናዋ ጎረቤት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ታደርሳለች። እዚያ በረዶውን ለማቅለጥ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፣ የእሷም መኪና ከሥሯ ተበልታ አለቀች። ዝገት ቸሩን ከስስታሙ አይለይም። ከእሱ ሥነ ምግባር ለመማር የሚፈልግ ሰው ያልተነገረውን ነው የሚሰማው።

ብረት መሬት ውስጥ ሲገኝ ባብዛኛው ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው። በእሳት ያለያየናቸው እኛ ነን፤ ሲዝግ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ስለዚህ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ስተኛ የማድነው ነገር እንደሌለ አውቃለሁ፤ የማደርገው ማዘግየት ብቻ ነው። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሽማግሌን ገላ የሚያጥብ ሰውም እርጅናን አልፈውስም ብሎ ውሃውን አይደፋም። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ፓራፋንጎው ውስጥ የተጠቀጠቀውን የክረምት ጭቃ አጥቤ አወጣለሁ፤ ፀሐይ ላይ አውዬ ካቫሌቶ ላይ አስቀምጣታለሁ። የላላውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ አራግፌ አንቲረስት እቀባለሁ፣ በላዩ ላይ ከበግ ሱፍ የሚወጣ ስስ ቅባት እረጫለሁ። የጋራዡ ሲሚንቶ ከመሬት እርጥበት ስለሚስብ ወፍራም ላስቲክ ከሥሯ ተነጥፏል። ላስቲክ ቦታው እዚያ ነው፤ ከላይ የምትለብሰው አቡጀዲ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። የቮልስ ወለል ግራና ቀኙ ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ሊበየድ ይችላል፤ የእኔም ተበይዷል። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው በወለሉ መሃል ለመሃል በሚያልፈው፣ በማይቆረጠው ዋሻ መሰል ላሜራ ላይ ስለሆነ፣ በሕግ ፊት መኪናዋ ያችው የድሮዋ ናት። ፕሉታርክ ሳንቃው እየተለወጠ ስለቆየው የቴሴዎስ መርከብ ሲጽፍ ፈላስፎች «ያው ነው ወይስ ሌላ?» እያሉ ይከራከሩበት ነበር ያለው ጥያቄ መሆኑ ነው። ሕጉ አላረካኝም፤ ነገር ግን ብረቱ እየተለወጠ እንክብካቤው ከቀጠለ «ሀብት አከማቸህ» የሚለው ክስ ትንሽ የሚላላ ይመስለኛል።

ለአባ ሌላም መልስ ነበረኝ። ያው ምዕራፍ የሚጀምረው ሰው ሳያይ በስውር ስለሚደረግ ምጽዋት ነው፤ የመኪና ሆድም ማንም የማያየው ቦታ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «ምጽዋቱንስ ደሃ ይቀበለዋል፤ ያንተን ቅባት ማን ይቀበለዋል?»

ግማሽ መልስ አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ ብየዳ የተለማመደው በእሷ ወለል ላይ ነው፣ ዛሬ በዚያው ሙያ ይኖራል። ጥቅምት ገብቶ መንገዱ ሲደርቅም ሞተሯ በደንብ እስኪግል ድረስ እስከ እንጦጦ የሚነዳት እሱ ነው፤ ሙሽራ የሚያጅብባት ጊዜም አለ። አባ ይህን ሰምተው ደስ አላቸው፤ ምጽዋት ግን አይባልም ብለዋል።