የርብቃ ሞግዚት



ኦሪት ዘፍጥረት 35፥8ን ግለጡ። የርብቃ ሞግዚት ዲቦራ ሞተች፤ የተቀበረችበትም ዛፍ የልቅሶ ዛፍ ተባለ። ርብቃ ወደ ይስሐቅ ስትሄድ ሞግዚቷም አብራት ተሰናብታ ነበር። ዲቦራ ስትሞት ግን ያዕቆብ የ11 ወንዶች ልጆች አባት ሆኗል። የእመቤቲቱ የርብቃ አሟሟት ሳይተረክ የሞግዚቲቱ ልቅሶ ተጻፈ!

እኛስ? ከአንበሳሜ ዙሪያ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ደብረ ታቦር ለልጅ ያዥነት የምትሄድ እኅት አለችን፤ በየቤታችንም አንዲት አለች። ሕፃኑን አዝላ እንጀራ ትጋግራለች፤ ሌሊት ሲያለቅስ የምትነሣውም እርሷ ናት። «እንደ ልጃችን ናት» እንላለን። ደመወዟን ግን «ይጠራቀምልሽ» ብለን እንይዛለን፤ ልትሄድ ስትነሣ ሒሳቡ ይጠፋል፤ ጠብ ይሆናል። ኦሪት ዘዳግም 24፥15 የሠራተኛው ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈል ያዝዛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አብሮት ለሚኖር ሠራተኛ መኝታ፣ ምግብና ዕረፍት አሠሪው እንዲያስብ ያስገድዳል።

«ከፋዮቹ ወላጆቻችን ናቸው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ወሩን ጽፎ ማስታወስ፣ ውኃ መቅዳት፣ እርሷ የማታ ትምህርት ስትሄድ ሕፃኑን መያዝ ግን የእኛ ነው።

እኔ ያሳደገችኝን፣ እትዬ ማለት ሲገባኝ፣ «አንቺ» እያልሁ 8 ዓመት ኖርሁ። የአባቷን ስም የጠየቅኋት ጓዟን ጠቅልላ አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው።