በገናን መስማት ጸሎት ነውን?

ሰው በገና ሰምቶ ልቡ ሲነካ፥ ከዓይኑም እንባ ሲፈስስ፥ ያ እንባ የንስሓ እንባ ነውን? ወይስ ጆሮ በጣዕመ ዜማ ደስ ስላለው ብቻ የመጣ ነው? ጥያቄው አዲስ አይደለም። የሂጶ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በዐሥረኛው ክፍል ይህንኑ ስለ ራሱ ጠይቆአል። ከሚዘመረው ቃል ይልቅ የዘማሪው ድምፅ ልቡን የነካው እንደ ሆነ በደል አድርጎ ይቈጥረው ነበር፤ ሆኖም ዜማ ደካማውን ሰው ወደ አምልኮ እንደሚያነሣው ስላየ፥ ዜማን ከቤተ ክርስቲያን ያስወጣ ዘንድ አልፈቀደም። እኛም ይህንኑ ነገር ብዙዎች በሚያውቁት በአንድ የበገና ቅጂ ምክንያት ልንመረምረው ወደድን።

ይህም ቅጂ መምህር ዓለሙ አጋ የደረደሩት «የንጉሥ ዳዊት በገና» የተባለው ነው። መምህር ዓለሙ በ12 ዓመታቸው ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ተቀምጠው በገናን ተማሩ፤ ኋላም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ1967 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ ግን በገና ከትምህርት ቤቱም ከራዲዮኑም ራቀ፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝም አለ። ቅጂው የተዘጋጀው ያ ዘመን በ1983 ዓ.ም. ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያም ኢትዮጲክስ በሚባለው በፓሪስ በሚታተመው ተከታታይ እትም 11ኛው ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓይነት ዜማ መጥቶ ሲያልፍ፥ አንድ ሰውና አንድ በገና ብቻ የሚሰሙበት ይህ ሥራ አላረጀም። አማርኛ የማያውቁ የውጭ አገር ሰዎች እንኳ ጸጥ ብለው ያደምጡታል።

ስለ ምን አላረጀም ቢሉ፥ አንደኛው ምክንያት ከመሣሪያው ከራሱ ነው። በገና 10 አውታር አለው፤ አባቶች የዐሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ነው ይላሉ። አውታሩ ከአንጀት የተሠራ ጅማት ነው፤ በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ስለሚገባ፥ አውታሩ በተመታ ጊዜ እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል። ይህ ድምፅ የሚያስጨፍር አይደለም፤ ሰውን ወደ ውስጡ የሚመልስ ነው እንጂ። ደግሞም በጣት ሲደረደር የሚናገሩት 6 ያህሉ አውታሮች ናቸው፤ የቀሩት ዝም ብለው ጣት ያሳርፋሉ። እንዲህም ሲሆን ዝም ያለው አውታር ሥራ ፈት አይባልም፤ የሚናገረው የሚናገር በእርሱ እየተደገፈ ነውና።

ሁለተኛው ምክንያት ከመዝሙሩ ነው። የበገና ደርዳሪ ሕዝብን ሊያስደስት አይነሣም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሞቱን ነገር፥ የዓለምን ከንቱነት፥ የአምላክን ቸርነት፥ የእመቤታችንን አማላጅነት ለገዛ ነፍሱ ይነግራታል። በገና በቅዳሴና በማሕሌት ሥርዓት አይገባም፤ የቤት መሣሪያ ነው። ይልቁንም ከበሮና ጸናጽል በሚያርፉበት በዐቢይ ጾም ይሰማል። ሰሚውም የሌላ ሰው ጸሎት በደጅ ቆሞ እንደሚያዳምጥ ሰው ይሆናል። ለጭብጨባ የተሠራ ነገር አጨብጫቢው ሲሄድ ያረጃል፤ በእግዚአብሔር ፊት የተባለ ነገር ግን አጨብጫቢ ስላልፈለገ አያረጅም።

ነገር ግን አንዳንድ ሰው፥ ጸሎት በመሣሪያ ተቀድቶ በገንዘብ ሊሸጥ ይገባልን? ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ መልሱ አይከብድም። መዝሙረ ዳዊትም በብራና ተጽፎ ይሸጣል፤ ጸሐፊው የድካሙን ዋጋ ይቀበላል። የተሸጠው ብራናው ነው እንጂ ጸሎቱ አይደለም። ቅጂም እንዲሁ ነው፤ በአደባባይ የጠፋውን ድምፅ ለትውልድ ያቆያል። በገና ዝም ከማለቱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1972 ዓ.ም.፥ የመምህር ዓለሙ ድምፅ ለዩኔስኮ ተቀድቶ ነበር፤ ይህ መልካም ሥራ እንጂ ንግድ ብቻ ነው አይባልም።

የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ እርሱም የሰሚው ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደ ተነገረ፥ ክፉ መንፈስ ሳኦልን ባስጨነቀው ጊዜ ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ ነበር፥ ይሻለውም ነበር (ምዕ. 16)። ዳግመኛ ግን ያው ዳዊት ያንኑ በገና ሲደረድር ሳኦል ጦር ወረወረበት (ምዕ. 18)። ከዳዊት የሚበልጥ ደርዳሪ ከወዴት ይመጣል? በገናው ያው ነበረ፤ ጕድለቱ ከሰሚው ነው። ሳኦል ዕረፍትን ወደደ፥ ቅንዓቱን ግን አልተወም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም እንዲሁ አግኝቶታል፤ ሕዝቡ ቃሉን እንደ መልካም ዘፋኝ ድምፅ በደስታ ይሰሙት ነበር፥ የሰሙትን ግን አያደርጉትም ነበር (ምዕ. 33)።

ስለዚህ በጾም ወራት በሱቁ በገና ከፍቶ ሚዛን የሚያጓድል ነጋዴ፥ ስለ ሞት ሲዘመር እያለቀሰ ከወንድሙ ጋር ያልታረቀ ሰው፥ ወይም ከመቅደስ ወጥተን ይህን ድምፅ እየሰማን የተጣላንን ምእመን የምናልፍ እኛ ካህናት፥ ሁላችን በሳኦል ወንበር ተቀምጠናል። ዕረፍት አግኝተናል፥ አልተፈወስንም። እንባውም በጎ ነው፤ ግን ደጅ ነው እንጂ ቤት አይደለም።

እንግዲህ መስማት ከንቱ ነውን? አይደለም። ከሕመም ወይም ከኀዘን ብዛት የጸሎት ቃል የጠፋበት ሰው አለ፤ በአልጋ ተይዞ መቆም ያልቻለ አለ። ለእንዲህ ያለው ሰው የሌላው ጸሎት ድጋፍ ይሆነዋል። በቅፍርናሆም ያንን ሽባ አራት ሰዎች ተሸክመው፥ ጣራ አፍርሰው ወደ ጌታ ፊት አወረዱት (ማር. 2)፤ በራሱ ሊመጣ አይችልም ነበርና። ከጌታ ፊት ከደረሰ በኋላ ግን ተነሥቶ አልጋውን እንዲሸከም የታዘዘው እርሱ ራሱ ነው፤ ተሸካሚዎቹ ስለ እርሱ አልተነሡለትም። በገናም እንዲሁ ነው። ተሸክሞ ያደርሰናል፤ መነሣቱ ግን የእኛ ነው።

ምእመናን ሆይ፥ በገናን ስሙ፤ ነገር ግን እንደ ሥራ ማጀቢያ አድርጋችሁ አታርክሱት። አንድ መዝሙር ሰምታችሁ ዝጉትና በዚያ ጸጥታ የራሳችሁን አባታችን ሆይ በሉ። የበደላችሁት ካለ በዚያው ቀን ሄዳችሁ ታረቁ። ልጆቻችሁንም ከመስማት አልፈው እንዲደረድሩ አስተምሩ፤ አለቃ ተሰማ የጎረቤታቸውን ልጅ አስቀምጠው ባያስተምሩ ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ይህ ቅጂ ባልኖረም ነበር። እንዲህ ያደረግን እንደ ሆነ መስማታችን ጸሎት ይሆናል፤ ያላደረግን እንደ ሆነ ግን የጆሮ ደስታ ሆኖ ይቀራል። ዝም ያለውን አውታር ሥራ የሰጠው አምላክ፥ ዝም ያለውን ልባችንንም ለምስጋናው ያንቃልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።