ገበያና ማዕድ



በዘመናችን “ብዝኃነት” እና “አካታችነት” የሚሉት ቃላት የማይነሡበት ስብሰባ የለም። ከመሥሪያ ቤትም ከቤተ ክርስቲያንም ልዑካን ተመርጠው በዚህ ጉዳይ ሐሳብ ለመለዋወጥ ባሕር ማዶ ይሄዳሉ። ያያሉ፣ ይነጋገራሉ፣ ሲመለሱም ሪፖርት ያቀርባሉ። ጉዞው መልካም ነው። ነገር ግን ቃላቱ አዲስ ቢሆኑም ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ ልብ እንድትሉልኝ እወዳለሁ። ከ500 ዓመት ገደማ በፊት ከአገራችን የተላከ አንድ ልዑክ ይህንኑ ጥያቄ በአውሮፓ ምድር አንሥቶት ነበር። በልማዱ የማይመስለኝን ሰው ወንድሜ ብዬ መቀበል እችላለሁን? ከተቀበልሁትስ እስከ የት ድረስ ነው? እስከ ገበያ ነው ወይስ እስከ ማዕድ?

ገበያና ማዕድ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሮብ ገበያ ስሙ ራሱ የገበያ ቀኑን ይናገራል። በእንዲህ ያለ ቀን ጤፍ የጫነው ገበሬ፣ ጨው የሚሸጠው ነጋዴ፣ ሙስሊሙ ባለ ሱቅ፣ ሸማኔው፣ ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ እንስራና ምጣድ ደርድራ የተቀመጠችው ሸክላ ሠሪ ሁሉም ቦታ አላቸው። ገበያ ማንንም አይከለክልም፤ አንዱ ያለ ሌላው አይሆንለትምና። ፀሐይ አዘቅዝቃ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ ግን ሌላ ሕግ ይጀምራል። ማን ከማን ጋር ይበላል? ማን የማንን ልጅ ያገባል? በጎጃምም ሆነ በሌላው የአማራ አገር ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ “ቡዳ” እየተባሉ ሲፈሩና ሲገለሉ ኖረዋል። በሠራችው ምጣድ እንጀራ ይጋገራል፤ እርሷ ግን እንጀራው ሲቆረስ አትጠራም። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልኝና ወደ ታሪኩ ልውሰዳችሁ።

በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አገሪቱን በሕፃኑ ንጉሥ በልብነ ድንግል ስም ታስተዳድር የነበረችው ንግሥት እሌኒ ናት። እሌኒ የሐድያ ባላባት ልጅ ስትሆን ከእስላም ቤተሰብ ተወልዳ በጋብቻ ወደ ክርስቲያኑ ቤተ መንግሥት የገባች ሴት ነበረች። በጎጃም ሰፊ ርስት ነበራት፤ በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው መርጡለ ማርያምም ከእርሷ ስም ጋር ተያይዛ የምትነሣ ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህች ንግሥት እ.ኤ.አ. በ1509 ለፖርቱጋል ንጉሥ ደብዳቤ ጻፈች፤ መልእክቱንም ማቴዎስ ለሚባል አርመናዊ ሰጠች። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ ሊዝቦን የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1514 ነው። በመንገድ ላይ ብዙዎች አስመሳይ ነው ብለው ጠርጥረውት ተንገላትቷል። መልኩ ከሚያስቡት ኢትዮጵያዊ ጋር አልገጠመላቸውምና።

በምላሹ የፖርቱጋል ልዑካን እ.ኤ.አ. በ1520 ምጽዋ ገቡ። ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን ቆይተው ሲመለሱ ልብነ ድንግል ጸጋ ዘአብ የተባለውን ካህን መልእክተኛ አድርጎ አብሯቸው ላከው። ጸጋ ዘአብ እ.ኤ.አ. በ1527 ሊዝቦን ደረሰ። በቤተ መንግሥት በክብር ተቀበሉት። ወዳጅነቱ ይፈለግ ነበር፤ በቀይ ባሕር ከሚመጣው ጠላት ጋር ለሚደረገው ትግል ኢትዮጵያ ታስፈልጋለችና። ወደ ጌታ ማዕድ ለመቅረብ ሲሻ ግን ተከለከለ። የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጠርተው መረመሩት። ቅዳሜን ለምን ታከብራላችሁ? ለምን ትገረዛላችሁ? ለምን አንዳንድ ምግብ ትለያላችሁ? በቆየባቸው ዓመታት ከወንድሞቹ ጋር ቅዱስ ቍርባን እንዳይካፈል ተደረገ። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሰው ለገበያ ተፈለገ፤ ለማዕድ ግን አልበቃም ተባለ።

ጸጋ ዘአብ ዝም አላለም። ዳሚያኦ ደ ጎይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ ምሁር ስለ ኢትዮጵያውያን እምነት እንዲጽፍለት ለመነው፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1534 ጽፎ ጨረሰ። በጽሑፉ ግዝረቱም ሆነ የምግብ ሥርዓቱ የአባቶች ልማድ እንጂ የመዳን ምክንያት እንዳልሆነ አስረዳ። የተላከው ለወዳጅነት እንጂ ለክርክር አለመሆኑንም ተናገረ። ከዚያም ዋናውን ነገር አነሣ። ግሪክ ይሁን አርመን ወይም ኢትዮጵያዊ፣ ሁላችን በአንድ ጥምቀት የተጠመቅን ነንና እንግዳ የሆነውን ክርስቲያን በፍቅር ማቀፍ፣ ሳይሰደብም እንዲኖር መተው ይገባል አለ። ደ ጎይስ ይህን በላቲን ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1540 በሉቫን አሳተመው። መጽሐፉ ግን በፖርቱጋል እንዳይሰራጭ ታገደ። ጸጋ ዘአብም የአገሩን አፈር ሳይረግጥ በመመለሻው መንገድ ሞተ።

አሁን ደግሞ በዚያው ዓመት በሌላ ከተማ የሆነውን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ዊተንበርግ መጣ። ማርቲን ሉተርና ፊልጶስ ሜላንክቶን ተቀበሉት፤ በአስተርጓሚም ስለ እምነት ተነጋገሩ። በሥርዓት አንዳንድ ልዩነት ቢኖርም ልዩነቱ የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ተረዱ። በሐምሌ ወር ሲሸኙትም ክርስቲያኖች ይህን እንግዳ በፍቅር እንዲቀበሉት የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ጻፉለት። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ አህጉር፣ አንዱ ኢትዮጵያዊ ከማዕድ ሲከለከል ሌላው በወንድምነት ተሸኘ።

እዚህ ላይ “እንግዲያው የእኛ ወገን ተሻለ” ብላችሁ ልትደሰቱ ትችላላችሁ። አትቸኩሉ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1529፣ ሉተር በማርቡርግ ከስዊሱ ተሐድሶ አራማጅ ከዝዊንግሊ ጋር ተገናኝቶ ነበር። ከ15 ነጥብ በ14ቱ ተስማሙ። በ15ኛው ላይ፣ እርሱም ስለ ጌታ እራት በሚናገረው፣ ሙሉ በሙሉ መስማማት አቃታቸው። ሉተርም ዝዊንግሊን በወንድምነት ለመቀበል እምቢ አለ። ከሩቅ አገር ለመጣው ለሚካኤል የተዘረጋው እጅ ቋንቋውን ለሚሰማው ለቅርብ ጎረቤቱ አልተዘረጋም። እኛም በአገራችን ያለውን አንርሳ። ጸጋ ዘአብ በሊዝቦን ስለ ፍቅር ሲማጸን፣ በአገሩ ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ስለ እምነት አቋማቸው የተቀበሉት መከራ ገና መቶ ዓመት አልሞላውም ነበር። ማግለል የአንድ አገር ወይም የአንድ ቤተ እምነት ኃጢአት አይደለም።

ከዚህ የምንማረው አንድ ከባድ ነገር አለ። የሩቁን እንግዳ መቀበል ከቅርቡ ይልቅ ይቀላል። የሩቁ እንግዳ በሳምንቱ ይሄዳል፤ ርስት አይካፈለንም፣ እኅታችንን ለጋብቻ አይጠይቅም፣ በእድራችን አይገባም። ከኖርዌይ ወይም ከኮሪያ የመጣ አገልጋይ በጉባኤያችን ሲቆም ወንበር እናነሣለታለን፤ ዶሮ ይታረዳል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በመዘምራን መካከል ስትቆም ግን በሹክሹክታ የማን ልጅ እንደሆነች እንጠይቃለን። ስለዚህ አካታችነትን ለመለካት ባሕር መሻገር አያስፈልግም። መለኪያው ከመንደሩ ማዕድ ላይ ነው።

“ሁሉን ከተቀበልን እውነት ምን ሊሆን ነው?” የሚል ይኖራል። ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። የሊዝቦን ሊቃውንትም የጌታን ማዕድ እንጠብቃለን ብለው ነው የተነሡት፤ ማዕዱም መጠበቅ የሚገባው ነው። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እንለይ። የመጀመሪያው ሰውነት ነው። ይህ በእግዚአብሔር መልክ ለተፈጠረ ሁሉ ያለ ምርመራ የሚሰጥ ክብር ነው፤ ለሚያምነውም ለማያምነውም። ሁለተኛው ወንድምነት ነው። ይህ ኢየሱስን ጌታ ብሎ ለሚጠራ ሁሉ ይገባዋል። ሦስተኛው ልማድና አስተያየት ነው። በዚህ ልንከራከር፣ ልንለያይ፣ አንዳችን ሌላችንን ተሳስተሃል ልንል እንችላለን። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 14 ስለ መብልና ቀን ስለ ማክበር የጻፈው ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ በገዛ ልቡ ይረዳ፣ ወንድሙን ግን አይናቅ አይፍረድበትም ይላል አሳቡ። የሊዝቦን ስሕተት እውነትን መውደድ አልነበረም። በሦስተኛው ፈተና ሁለተኛውን መንፈጉ ነበር። ክርስቶስን የካደ ሰው አልነበረም የተከለከለው፤ ቅዳሜን የሚያከብር ሰው ነበር።

እንግዲህ ይህን ሚዛን ወደ ራሳችን እናምጣው። እኛ በዚህ አገር ጥቂቶች ነን። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በእምነቱ ምክንያት ከእድር የተሰረዘ፣ ለወገኑ የቀብር ቦታ ያጣ አማኝ እንዳለ ታውቃላችሁ። ስንገለል ምን እንደሚያም እናውቃለን፤ ሌሎች በልማድ ምክንያት ሰውነታችንን እንዳይነፍጉን እንሻለን። ታዲያ ሮብ የገበያ ቀን ብቻ ሳይሆን ለኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን የጾም ቀንም ነው። አንዳንድ ወጣት ነጻነቱን ለማሳየት ሲል በዚያ ቀን በሰው ፊት ሥጋ ይበላል፤ ጾመኛውንም ይሳለቅበታል። ሥጋ መብላቱ አይደለም ጥፋቱ። ልማድን መለያ አድርጎ ወንድሙን መናቁ ነው። ይህን ያደረገ ወጣት በዚያች ሰዓት የሊዝቦንን ወንበር ይዟል። ከጎረቤቱ ጋር ስለ ጸጋ መነጋገር ይችላል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን የተናቀ ሰው ወንጌልን አይሰማም።

የሸክላ ሠሪዋ ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። እዚያ የተነፈገው ወንድምነት ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ራሱ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ትልቅ ነገር ነው፤ ስድብን ሊገታ ይችላል። ሰውን ከማዕድ ጋር ሊያስቀምጥ ግን አይችልም። ይህ ከሕግ ሳይሆን ከልብ የሚመጣ ነው። እኛስ ምን ምክንያት አለን? የናዝሬት ሰዎች በኢየሱስ የተሰናከሉት ጸራቢ አይደለምን ብለው በሙያው ነበር። ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። የእጅ ባለሙያን የሚንቅ ክርስቲያን ጌታውን በናዝሬት ቢያገኘው ኖሮ ምን ይለው ነበር?

ይህ ዋጋ የማያስከፍል ይመስላችሁ ይሆናል። ያስከፍላል። ወጣት ወንድሜ፣ የወደድሃት የጌታ ልጅ ከቀጥቃጭ ቤት ብትሆን አባትህ አጥንት መቁጠር ይጀምራል፤ እናትህም ታለቅሳለች። እኅቴ ሆይ፣ አንቺም እንዲሁ። አጎቶችና አክስቶች ከሠርጉ ይቀራሉ። ያን ጊዜ “ቤተሰቤን ላለማሳዘን” የሚለው ምክንያት እጅግ የቀና ይመስላል። ጴጥሮስም በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ አፈገፈገ። በገላትያ 2 እንደምታነቡት ጳውሎስ በሁሉ ፊት ተቃወመው። ጴጥሮስ ትምህርቱን አልለወጠም፤ የለወጠው መቀመጫውን ብቻ ነበር። ጳውሎስ ግን በመቀመጫው ወንጌል እንደሚካድ አየ። ወላጆችን ማክበር ግዴታችን ነው፤ በትሕትና እንነጋገራቸው፣ እንጠብቃቸው፣ እንጸልይላቸው። ነገር ግን ክርስቶስ የሞተለትን ሰው ርኩስ ነው ብለን እንድናምንላቸው መክበራቸው አይጠይቅም።

ዛሬ በአገራችን ሰው በዘሩ እየተለየ ደሙ በሚፈስበት ዘመን ይህ ነገር የወጣቶች መጽሔት ወሬ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ምናልባት ከእናንተ አንዱ ነገ ልዑክ ሆኖ ባሕር ማዶ ይሄድ ይሆናል። ስለ ብዝኃነት ሲጠየቅ የጸጋ ዘአብን ስም ያንሣ፤ አገራችን ስለዚህ ጉዳይ ለዓለም የምትናገረው አላትና። ከመሄዱ በፊት ግን ከጉባኤው በኋላ ብቻውን የሚቆመውን ሰው ይፈልግ። ወደ ቤቱ ይጥራው፤ በአንድ ገበታ አብሮት ይቁረስ። ያ ሰው እንግዳ ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ቢሆን ይበልጥ መልካም ነው።

ጌታ ማዕዳችንን ያስፋልን። አሜን።