የእንግዶች ማደሪያ ጠባቂው



ስለ ደጉ ሳምራዊ (ሉቃ. 10፥25-37) በምናስተምርበት ጊዜ ካህኑንና ሌዋዊውን እንነቅፋለን፤ ሳምራዊውን እናመሰግናለን፤ ትምህርቱንም በዚያው እናበቃለን። በምሳሌው ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው አንድ ሌላ ሰው አለ። ሳምራዊው በማግሥቱ መንገዱን ሲቀጥል ከቁስለኛው ጋር የቀረው የእንግዶች ማደሪያ ጠባቂው ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሌሊቶች ቁስለኛው ሲያቃስት የተነሣው እርሱ ይመስለናል። ወንጌል ስሙን እንኳ አልጻፈልንም።

ነርሶች የዚህ ሰው ወራሾች ናቸው። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ ከእነርሱ ብዙዎቹ የሕመም ፈቃድ ወሰዱ፤ ሥራቸውን ለመልቀቅ ያሰቡም፥ የለቀቁም ነበሩ። ያን ጊዜ ጌታ ተኩላ ሲመጣ ስለሚሸሸው ምንደኛ የተናገረውን (ዮሐ. 10፥12-13) አንሥቶ በእነርሱ ላይ መፍረድ ለማንም ቀላል ነበር። እኛ ግን ከመፍረዳችን በፊት የሆነውን እንመልከት።

በሰሜን ኢጣሊያ በቤርጋሞ ከተማ ሆስፒታሎች ከመጠን በላይ ሞልተው፥ በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. የጦር ሠራዊት መኪናዎች አስከሬን ጭነው ከከተማዋ ሲወጡ ዓለም በቴሌቪዥን ተመልክቷል። የመከላከያ ጭምብልና ልብስ እንኳ አልበቃም ነበር። እንዲህ ባለ ሥፍራ የምትሠራ ነርስ ትኩሳት ሲይዛት ከቤት መዋሏ ግዴታዋ ነበር፤ ታማ ብትገባ ለበሽተኞቿ ሞትን ይዛ ትገባለችና። ሌላዋ ደግሞ ለራሷ ሳይሆን በቤት ላሉት አረጋዊት እናቷና ሕፃናት ልጆቿ ፈራች። ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፦ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ድረስ ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ የሚደርሱ የጤና ሠራተኞች በዚህ በሽታ ሳይሞቱ እንዳልቀረ ገምቷል።

ከሁሉ የከበደው ግን ሌላ ይመስለናል። በአገራችን በሽተኛ ያለ አስታማሚ አይተኛም፤ እናት ወይም እህት ከአልጋው አጠገብ ታድራለች። በወረርሽኙ ጊዜ በብዙ አገሮች ቤተሰብ እንዳይገባ ሲከለከል ነርሷ ልጅም፥ እናትም፥ አስታማሚም ሆነች። ስልኩን በሚሞተው ሰው ጆሮ ላይ ይዛ የልጆቹን ስንብት አሰማችው። በአንድ ሌሊት ይህን ደጋግማ ያደረገች ሴት በማግሥቱ መነሣት ቢያቅታት ሕመሟ ሐሰት ነውን? ነፍስም ትታመማለች። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞትን በለመነ ጊዜ (1 ነገ. 19፥4-8) እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ እንጀራና ውኃ ሰጥቶ እንደገና እንዲተኛ ተወው።

በሐሰት የቀረ ከቶ አልነበረም አንልም፤ እርሱን ለኅሊናው እንተወዋለን።

የበሽተኞችና የነርሶች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ካሚሎስ ዘለሊስ (1550-1614) የመሠረተው ማኅበር አባላት፥ ከሦስቱ ስእለቶች ሌላ፥ ለሕይወታቸው አደጋ ቢሆን እንኳ በሽተኞችን ለማገልገል አራተኛ ስእለት ይሳላሉ። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ስእለት በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ነው። በደመወዝ ተቀጥራ ልጆች የምታሳድገውን እናት ያልተሳለችውን ስእለት ክፈዪ ልንላት አንችልም። ጸንታ ከቆየች ስጦታዋ ነው፤ በምስጋና እንቀበላለን።

ሳምራዊው ማደሪያ ጠባቂውን በባዶ እጅ አልተወውም፤ ሁለት ዲናር ሰጠው፥ ከዚያ በላይ ቢያወጣም ተመልሶ ሊከፍለው ቃል ገባ። በ2012 ዓ.ም. በየአገሩ ሕዝቡ በመስኮትና በሰገነት ቆሞ ለነርሶች ያጨበጭብ ነበር፤ በሕንድ አገር ግን የጤና ሠራተኞችን ከቤታቸው ያስወጡ አከራዮችም ታይተዋል። ጭብጨባው ካበቃ ዓመታት አልፈዋል፤ የቀረው ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም።

ስለዚህ የየቁምስናው ማኅበራት የሌሊት ተረኛ ነርሶች ያሉባቸውን ቤቶች ለይተው ለቆሞሳቸው እንዲያስታውቁ እንለምናለን። እናት ተረኛ በሆነችበት ሌሊት ልጆቿን የሚያሳድር፥ ከሥራ ስትመለስ ትኩስ ምግብ የሚያቀርብላት ጎረቤት ይመደብ። እሑድ ጧት ከቅዳሴ ስትቀርም፥ ለምን ቀረች ከማለት በፊት፥ ሌሊቱን የት እንዳደረች ይጠየቅ።